ከፍትፍቱ ፊቱ፣ ከፊቱም ሌሊቱ

አንድ የአረጋውያን መጦሪያ መልካም መሆኑን በምን እናውቃለን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱንም እያንዳንዳችን በኪሳችን ይዘነው የምንዞር ነው የምንመስለው። «ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ወለሉ እንደ መስተዋት ነው» ይላል አንዱ። «ስንት መቶ ሰው ከጎዳና እንዳነሡ ታውቃለህ?» ይላል ሌላው። «መሥራቹ እኮ የእግዜር ሰው ነው!» ይላል ሦስተኛው። አራተኛው ደግሞ ዓይኑን እየጠረገ «አልቅሼ ነው የወጣሁት» ይላል። ውድ አንባቢ፤ እስቲ አራቱንም መልሶች መለስ ብለው ያጢኗቸው። የመጀመሪያው ስለ ወለል ነው፤ ሁለተኛው ስለ ቁጥር፤ ሦስተኛው ስለ መሥራች፤ አራተኛው ስለ ጎብኚው ስለ ራሱ እንባ። አልጋው ላይ የተኙት ሰውዬ የት ሄዱ? ስለ እሳቸው የተናገረ አንድም የለም።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከእነዚህ አራት መልሶች ጋር ነው።

ነገሩን ከበዓል ጉብኝት እንጀምር፤ የአዲስ አበባ ሰው መጦሪያ ቤትን የሚያውቀው በአብዛኛው በዚህ በኩል ነውና። ልደት ያለው፣ ሠርግ የደረሰለት፣ የተመረቀ፣ የመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ በዓል የሚያከብር ሁሉ ኬክና ለስላሳ ጭኖ ይሄዳል። መሄዱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ኬኩ ሲቆረስ ከአረጋውያኑ መካከል የስኳር ሕመም ያለባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ የጠየቀ እንግዳ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከዚያ ካሜራው ይወጣል። ባልቴቷ ስለ ጠፋው ልጃቸው እንዲናገሩ ይጠየቃሉ፤ ሲያለቅሱ ካሜራው ይጠጋል፤ ማታ ዋሽንት ታክሎበት በዩቲዩብና በቲክቶክ ይለቀቃል። እኚህን ሴት የቀድሞ ጎረቤታቸው ያያቸዋል፤ የቀድሞ ባለጋራቸውም ያያቸዋል። «ፈቃድዎ ነው ወይ?» ተብለው ቢጠየቁስ እንኳ፣ ምሳቸውና መድኃኒታቸው በእጁ ያለን ሰው እንቢ ለማለት ምን ጉልበት አላቸው?

ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ማዕከል ከባልደረቦቼ ጋር ሄጄ ነበር። ግቢው ታጥቧል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ሽታም የለም። በአንዱ ክፍል መስኮት ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ተቀምጦ አየሁ። አልጋው ላይ ያሉት ሽማግሌ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሦስት እርምጃ ያህል ይሆናል። ብርጭቆው ንጹሕ ነው፤ ውሃውም ንጹሕ ነው፤ ለሰውዬው ግን ውሃው ዓባይ ማዶ እንዳለ ያህል ነው። ሰውነት ሲያረጅ የጥም ስሜት እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ሽማግሌ «ጠማኝ» ብሎ እስኪጣራ የሚጠበቅበት ቤት ሽማግሌውን የሚያገኘው ከንፈሩ ከተሰነጠቀና አእምሮው ከተወናበደ በኋላ ነው። በጎብኚዎች መዝገብ ላይ ግን የምስጋና ዓምድ እንጂ የብርጭቆ ዓምድ የለም።

የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል መፈክር «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል ነው። ይህ መፈክር ለዚህች አገር ትልቅ ውለታ ውሎላታል። ብንያም በለጠ ማዕከሉን በ2002 ዓ.ም. ሲጀምሩ ብዙዎቻችን ጎዳና ላይ የወደቀን ሰው ማንሣት የመንግሥት ወይም የውጭ ድርጅት ሥራ ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን ነበር። መፈክሩ ያንን ሰበብ ከአፋችን ነጠቀን። «ገንዘብ የለኝም»፣ «ሙያው የለኝም»፣ «ዘመዴ አይደሉም» የምንለውን ሁሉ በስድስት ቃል ዘጋው። ስለዚህ የምነካው በአክብሮት ነው፤ ግን እነካዋለሁ። ሰውን ከወደቀበት ለማንሣት ሰው መሆን በቂ ነው። ሰውን ለመጦር ግን ሰው መሆን በቂ አይደለም።

ለምን ቢሉ፣ መጦር ሥራ ነው። እንደ ግንበኝነት፣ እንደ ሾፌርነት ልምድና ትምህርት የሚጠይቅ ሥራ። አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ ሳይገላበጥ ሲቀር የሰውነቱ ክብደት ሥጋውን ከአጥንቱ ጋር ይጫነዋል፤ ደም መዘዋወር ያቆማል፤ መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፤ ከዚያ ይላጣል፤ ከዚያ ይቦረቦራል። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ የጅራት አጥንት አካባቢ ዋነኞቹ ቦታዎች ናቸው። ቁስሉ አንዴ ከገባ ለመዳን ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱ አይድንም፤ ወደ ደም ገብቶ ይገድላል። መከላከያው ደግሞ ምንም ምሥጢር የለውም። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ፣ እርጥብ ልብስ ወዲያው መቀየር፣ በደንብ መመገብ፣ ቆዳውን በየቀኑ ማየት። ደግ ሰው የሆነ፣ ዕንባው ቅርብ የሆነ፣ ግን ይህን ያልተማረ አስታማሚ ሽማግሌውን «አይረበሹ፣ ይተኙ» ብሎ በፍቅር ይተዋቸዋል። በፍቅርም ይቆስላሉ።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ይያዙና አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንድ ቤት በራሳቸው መገላበጥ የማይችሉ አርባ አረጋውያን አሉት እንበል። በየሁለት ሰዓቱ ማለት በቀንና በሌሊት አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። አርባ ሲባዛ በአሥራ ሁለት አራት መቶ ሰማንያ። አንዱን ለማገላበጥ ሁለት ሰው አምስት ደቂቃ ቢፈጅበት፣ አርባ ሰዓት፤ በሁለት ሰው ሰማንያ ሰዓት። ስምንት ሰዓት በሚሠራ ሠራተኛ ስናካፍለው አሥር ሰው። ይህ ማገላበጥ ብቻ ነው። ማጉረስ ላይ ስንመጣ፣ ትናጋው የደከመን ሰው በሃያ ደቂቃ ማብላት ፈጣን ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለአርባ ሰው፣ ሌላ አርባ ሰዓት፤ ሌላ አምስት ሰው። ገና አላጠብንም፤ ገና ዳይፐር አልቀየርንም፤ ገና መድኃኒት አልሰጠንም፤ የሚያወራቸውማ ጭራሽ አልተቀጠረም። አሁን ያ «ስንት መቶ ሰው አንሥተዋል!» የተባለው ውዳሴ ወደ ሌላ ጥያቄ አይለወጥም? ስንት መቶ አነሡ ብቻ ሳይሆን፣ ለስንቱ ስንት እጅ አላቸው? ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ልናጨበጭብ ይገባናል ወይስ ልንደነግጥ?

የሕክምናን ጥራት እንዴት እንለካ በሚለው ጥያቄ ላይ ስሙ የሚነሣው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን ነው። ከአርመን ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1919 ቤይሩት ተወልዶ፣ ፍልስጥኤም አድጎ፣ በኋላ አሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን በሦስት ከፈለው። አንደኛ ያለው ነገር ነው፤ ሕንፃው፣ አልጋው፣ ሠራተኛው። ሁለተኛ የሚደረገው ነገር፤ ማገላበጡ፣ ማጉረሱ፣ መድኃኒቱ። ሦስተኛ የደረሰው ውጤት፤ ቁስሉ ዳነ ወይስ ሰፋ፣ ክብደት ቀነሰ ወይስ ጨመረ፣ ሰውየው ቆመ ወይስ ወደቀ። እኛ በበዓል ቀን ኬክ ይዘን የምንጎበኘው የመጀመሪያውን ሢሶ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከሠራተኛው ይልቅ ሕንፃውን። ይኸው ዶናቤዲያን በሕይወቱ መጨረሻ ላይ፣ ታሞ በተኛበት ጊዜ፣ የጥራት ምሥጢሩ በስተመጨረሻ ፍቅር ነው ማለቱ ይነገርለታል። ይህንን ሲሰማ «አላልንም?» ብሎ የሚነሣ ብዙ ነው። ተዉ፤ አትቸኩሉ። ሰውዬው ያለው ፍቅር ካለህ ወደ ኋላ ተመልሰህ አሠራሩን ትቆጣጠራለህ፣ ታሻሽላለህም ነው። ፍቅር ካለህ መቁጠር ትተዋለህ አላለም። የሚወደውን ልጁን ትኩሳት በቴርሞሜትር የማይለካ አባት አለ?

«ታዲያ እንደ አሜሪካ ኮከብ እንስጣቸው በለና!» የሚለኝ አይጠፋም። የለም፤ የአሜሪካን ነገር የማነሣው እንድንቀዳው አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ሕግ መጦሪያ ቤት ሁሉ አረጋዊውን ሲቀበል በዝርዝር እንዲመረምር፣ ለአስታማሚው ምቾት ሲባል ሰው በገመድ ወይም በሚያደነዝዝ መድኃኒት እንዳይታሰር፣ ተቆጣጣሪም ሳይነገር ድንገት እንዲመጣ ደነገጉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ደግሞ ሕዝቡ በቀላሉ እንዲያነጻጽር ለእያንዳንዱ ቤት ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ማደል ጀመሩ። ኮከቡ ከሦስት ነገር ይሠራል፤ ከቁጥጥር ውጤት፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከሕመምተኞቹ ሁኔታ። ከሦስቱ ሁለቱን ቤቶቹ ራሳቸው ሞልተው የሚልኩት ነበር። ከዚያማ ምን ሊሆን እንደሚችል አገራችን ለሪፖርት እንግዳ አይደለችምና ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ጉዱ ሲገለጥ ግን ለመማሪያ የሚሆን ጉድ ነው። የሠራተኛ ብዛት ከደመወዝ መዝገብ መወሰድ ከጀመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቅዳሜና እሑድ ሠራተኛው በእጅጉ ይሳሳል፤ ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ሰሞን ደግሞ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኒውዮርክ ታይምስ ያወጣው ምርመራ ከዚህም ይብሳል። የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን ለማደንዘዝ የሚሰጡ የአእምሮ መድኃኒቶች ለሞት እንደሚያጋልጡ ከ2005 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ወጥቶባቸዋል፤ ብዙ የሚሰጥ ቤትም ኮከቡ ይቀንሳል። ስኪዞፍሬንያ ላለበት ሰው ከተሰጠ ግን አይቆጠርም። ምን ተደረገ? በመጦሪያ ቤቶች ውስጥ ከዘጠኝ ሰው አንዱ ስኪዞፍሬንያ አለበት ተብሎ ተመዘገበ፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ግን ከመቶ ሃምሳ አንዱ ቢሆን ነው። ሰው በሰባና በሰማንያ ዓመቱ በድንገት በመዝገብ አበደ! እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ኮቪድ በአሜሪካ መጀመሪያ ሰብሮ የገባበት መጦሪያ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ኪርክላንድ ከተማ ያለው፣ ባለ አምስት ኮከብ ነበር። ከሠላሳ በላይ አረጋውያን አለቁበት። ያኔ ኮከቡ በሩ ላይ እንዳለ ነበር።

ታዲያ ከዚህ የምንማረው «መለኪያ ከንቱ ነው» የሚለውን ነው? በጭራሽ። የምንማረው መለኪያውን ለተለኪው አትስጠው የሚለውን ነው። እዚያ አገር ውሸቱ የተገኘው እኮ የተጻፈ ነገር ስለነበረ ነው። የተጻፈ ውሸት ይያዛል። እኛ ዘንድ ምን ተጽፎ ምን ይያዛል? የአንዱን መጦሪያ የቁጥጥር ሪፖርት በጋዜጣም ሆነ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አንብበው የሚያውቁ አንባቢ ካሉ እባክዎን እጅዎን ያውጡ። የክትፎ ቤት ግምገማ ግን በየቀኑ እናነባለን።

አሜሪካኖቹ በሌላውም መንገድ ተሰናክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥታቸው ለአንድ አረጋዊ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የአስታማሚ ጊዜ ይኑር የሚል ደንብ አወጣ። ቅድም በሠራነው ሒሳብ ለአርባ ሰው በቀን አሥራ ሰባት ሠራተኛ ገደማ መሆኑ ነው። ባለቤቶቹ ሠራተኛ ከየት እናመጣለን ብለው ተሟገቱ፤ በ2025 የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። በሀብታም አገርም እጅ ውድ ነው።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃዋሚዬ ልምጣ። «መጦሪያ ቤት የኛ ባህል አይደለም፤ እኛ ሽማግሌ አንጥልም፤ መለካት መመዘኑም የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ነው። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ እናቱን የምታጥብለት እኅቱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። እሱ በበዓል በግ ይልካል። ግን ክርክሩን በክርክርነቱ እንየው። «ጡረታ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? «መጦር» ከሚለው ነው። ከፒያሳ መሥሪያ ቤት አልመጣም። ጧሪ ያጣ ሽማግሌ መሬቱን ወይም ቤቱን ለሚጦረው ሰው ማውረሱ በአገራችን የኖረ ልማድ ነው። ጧሪው እህሉን እየነፈገ፣ ልብሱን እያሳደፈ፣ ርስቱን ብቻ የሚጠብቅ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ዝም አይባልም ነበር፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ጎረቤት ይመሰክርበታል። ምን በላ? ምን ለበሰ? ሲታመም ማን አደረ? ይህ መለካት ካልሆነ ምንድን ነው? ሌላም መንገድ ነበር። ጧሪ ያጣ ሰው መንኩሶ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ትንሽ ጎጆ ውስጥ ያልፋል። ያም በራሱ መጦሪያ ነበር፤ ድሃ መጦሪያ፣ ግን የሚያየው ሰው የማይጠፋበት። ስለዚህ መለኪያ ይኑረን ስል አዲስ ነገር አምጡ እያልኩ አይደለም። ጧሪን መጠየቅ ነውር የሆነው ጧሪው ድርጅት ከሆነ ወዲህ ነው።

ሕጉም ቢሆን አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ይላል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ልጅ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ ጥሎበታል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ግን ምን ያህል ሸክም እንደምትችል ይገርማል።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ለስላሳ ነው፤ ስለ ለስላሳነቱም ይበልጥ እፈራዋለሁ። «በነጻ የሚሰጥ ሰው እንዴት ይመረመራል? ጎዳና ላይ ከነበሩበት አይሻልም ወይ? ለተቸገረ ሰው ምን ይመረጥለታል?» ይላል። በጥሞና ይስሙት፤ ይህ ክርክር ድሃ ከሆኑ ቁስል ይፈቀድብዎታል ማለት ነው። ለጎዳና የተሻለ መሆን መለኪያ ከሆነ ማንኛውም ጣሪያ ያለው ነገር ያልፋል፤ እስር ቤትም ያልፋል። ደግሞስ በነጻ ነው ያለው ማን ነው? የምንልከው አጭር የስልክ መልእክት፣ ልብሱ፣ ስንዴው፣ ዘይቱ ከሕዝብ ኪስ ነው። ከሕዝብ ለተሰበሰበ ብር ኦዲተር ሲመጣ «ደግነታችንን ተጠራጠራችሁ» ብሎ የሚቀየም የለም። ብሩ ኦዲት ይደረጋል፤ ተረከዙ ለምን አይደረግም? ደግሞም ለመሥራቾቹ አዝናለሁ ባይ ሁሉ ይህን ያስብ፤ በትክክል የሚሠራው ቤትና ሰው እያደነዘዘ የሚያሳድረው ቤት በሕዝብ ዓይን እኩል «ቅዱስ» ሲባሉ የሚበደለው የመጀመሪያው ነው።

በአዲስ አበባ አሁን በክፍያ የሚቀበሉ ቤቶችም አሉ። ልጅ ውጭ አገር ሆኖ በየወሩ ይልካል። በእነዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው የመጠየቅ ድፍረት አያጣም ብዬ ነው። ችግሩ የሚጠይቀው በቪዲዮ ስልክ መሆኑ ነው። ፊታቸው ታጥቦ፣ ነጠላቸው ተስተካክሎ፣ «ደህና ነኝ ልጄ» ይላሉ። ካሜራው ከአንገት በታች አይወርድም።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር፣ ይህን ሥራ ከማንም በላይ የሚያውቁት የራሳችን ልጆች መሆናቸው ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ባሉ መጦሪያ ቤቶች በሌሊት ፈረቃ ኮሪደሩን ይዘው ሲያገላብጡ፣ ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ የሚያድሩት ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። እዚያ ለዚህ ሥራ በፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን ግድ ነው። በቤይሩትም የሰው እናት አቅፈው የሚያነሡት የኛ ሴቶች ናቸው፤ ያለ አንድ ሰዓት ሥልጠና፣ ወገባቸው እስኪቆረጥ። ከእነዚህ መካከል አንዷ ለዕረፍት አዲስ አበባ ስትመጣ ምን እንጠይቃታለን? ስለ መኪናዋ፣ ስለ ቤቷ። ስለ ሥራዋማ ስታወራ እኛ እናፍራለን፤ ወይም ከጀርባዋ «ሽማግሌ አጣቢ» እንላታለን። እንዲህ ያለችውን ሴት አንድ መጦሪያ ቤት ብትገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እውነቱን ትነግርዎታለች። ወለሉን አታይም። ብርድ ልብሱን ገልጣ ተረከዝ ታያለች። የጥፍር ርዝመት ታያለች። ደወል ካለ ትደውልና ሰዓቷን ትመለከታለች። ባለፈው ወር ስንት ሰው ወደቀ ብላ ትጠይቃለች፤ «ማንም አልወደቀም» ከተባለች ሰዎቹ ታስረው ወይም ደንዝዘው እንደሆነ ትጠረጥራለች። የክብደት መዝገብ ትጠይቃለች፤ በአንድ ወር ውስጥ ከመቶ አምስት የቀነሰ ሰው ካለ ምን እንዳደረጉለት ትጠይቃለች። ይህን ዕውቀት ዶላር እንደሚላክ ልካ ታውቃለች? አልጠየቅናትም እንጂ!

አንድ መለኪያ ግን ከእሷ ሥልጠና ውስጥ አይገኝም፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ የለውም። አንቱታ ነው። መጦሪያ ቤት ሲገቡ ጆሮዎን ከፍተው አስታማሚው አረጋውያኑን ምን ብሎ እንደሚጠራ ያዳምጡ። በስማቸው ይጠራቸዋል? «ጋሼ እገሌ»፣ «እትዬ እገሊት» ይላል? ወይስ ሁሉም በጅምላ «ፋዘር» እና «ማዘር» ሆነዋል? ወይስ «ተነሽ፣ ዙሪ፣ አፍሽን ክፈቺ» ነው? «እማማ» እና «አባባ» እንኳ ፍቅር ያላቸው ቢመስሉም፣ መቶ ሴቶች መቶ «እማማ» ሲሆኑ ስማቸው ጠፋ ማለት ነው። እኚህ ሴት አርባ ዓመት መምህርት ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው «እትዬ» ሲሏቸው የኖሩ ናቸው። እኚያ ደግሞ አስተናጋጅ ነበሩ፤ መንደሩ በቁልምጫ ስማቸው ነበር የሚያውቃቸው። ስም የሚያውቅ አስታማሚ ልማድም ያውቃል፤ ማን ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾሙ፣ ማን እንደሚሰግዱና ለውዱእ ውሃ እንደሚሹ፣ ማን ያለ ቡና ራሳቸውን እንደሚያማቸው። ቡና የሚያፈሉበት ሰዓት ራሱን ችሎ መመርመሪያ ነው። ለጎብኚ ብቻ የሚፈላ ቡና ከሆነ ከሩቅ ያስታውቃል፤ አረጋውያኑ ስኒ ሲቀበሉ ዙሪያውን ያያሉ።

አንቱታ ግን በደንብ ብቻ አይመጣም። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሠራ፣ ለሃምሳ ሰው ብቻውን የቀረ፣ ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃ ልጅ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአራተኛ ጊዜ ሲጠራ «ምን ፈለግሽ ደግሞ?» ቢል መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን አይደለም። አስታማሚው ስንት ይከፈለዋል፣ ስንት ጊዜ ይቆያል፣ በዓመት ስንቱ ለቆ ይሄዳል የሚለው የጥራት ጥያቄ ነው። በየሦስት ወሩ አዲስ ሰው የሚቀጥር ቤት የአረጋውያኑን ስም የሚያውቅ ሰው የለውም። የበጎ ፈቃደኞች ጋጋታ ይህን አይተካም፤ እነሱ ቀን ይመጣሉ፣ ሌሊቱ ግን የማን ነው?

እና ማን ይመርምር? መንግሥት ይመርምር ማለት ሕጋዊው መልስ ነው፤ ይገባዋልም። ግን እስከዚያው ድረስ የሚያስፈልገን ነገር በእጃችን አለ። ዕድር አለን። ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ያልመጣ አባል ይቀጣል። ቀባሪውን በዚህ ትጋት የሚቆጣጠር ማኅበረሰብ ጧሪውን መቆጣጠር ያቅተዋል? ከየአካባቢው ዕድር ሁለት ሰው ይመረጥ፤ ቢቻል አንዷ ነርስ የሆነች ወይም ውጭ በዚህ ሥራ የኖረች ትሁን። ሳይናገሩ ይሂዱ፤ በበዓል ሳይሆን በአዘቦት፣ በምሳ ሳይሆን በሌሊት። ካሜራ አይያዙ። ባትሪ ይያዙ። አራት ቁጥር ይዘው ይውጡ፤ በዚያች ሌሊት ስንት አስታማሚ በሥራ ላይ አገኙ፣ ስንት አረጋውያን አሉ፣ ስንቱ የአልጋ ቁስል አለባቸው፣ ከእነዚህስ ስንቱ ቁስሉን ያገኙት ቤቱ ከገቡ በኋላ ነው። መጨረሻው ጥያቄ እንዳይዘለል፤ ከጎዳና ቆስለው የመጡትን በቤቱ ላይ መቁጠር ግፍ ይሆናል፤ እንደዚያ ከቆጠርን ቤቶቹ የቆሰለ ሰው መቀበል ያቆማሉ። አራቱም ቁጥሮች በበሩ ላይ፣ ከመሥራቹ ፎቶግራፍ ጎን፣ ከነቀናቸው ይለጠፉ።

«ሌሊት ማን ያስገባቸዋል?» ይሉ ይሆናል። ይህም ራሱ አምስተኛ ቁጥር ነው፤ በር ለመክፈት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጻፍ። መጀመሪያ በሩን ለሚከፍተው ማዕከል የሚቀጥለው ወር የዚህ መጽሔት አንድ ገጽ፣ ከነአራቱ ቁጥሮቹ፣ ያለ ክፍያ ይሰጠው ዘንድ አዘጋጁን ጠይቄአለሁ።